«ጊዜው አልፎበታል» የሚባለው መቼ ነው?

በአዘዞ «ጊዜው አልፎበታል» ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የመድኃኒት ነገር ነው። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ መድኃኒቱ አይወሰድም። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ዘንድ ግን ይኸው ቃል የተለየ ትርጉም አለው።

አርች ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት ተጠቃሚዎች ኤዩአር የሚሉት የጋራ ግምጃ ቤት አላቸው። በዚያ ያለውን እያንዳንዱን ፓኬጅ የሚጠብቀው ያለ ደመወዝ የሚሠራ ፈቃደኛ ነው። ጠባቂው የሚያስቀምጠው ፕሮግራሙን ከምንጩ አምጥቶ እንዴት እንደሚሰናዳ የሚያስረዳ መመሪያ ነው፤ የእትሙም ቁጥር በመመሪያው ውስጥ ይጻፋል። የተመዘገበ ተጠቃሚ ሁሉ «ጊዜው አልፎበታል» የሚል ምልክት ሊያደርግበት ይችላል። ትርጉሙም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ምንጩ አዲስ የጸና እትም አውጥቷል፣ መመሪያው ግን በአሮጌው ቁጥር ቀርቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስት ዓመት ያልተነካ ፓኬጅ፣ ምንጩ አዲስ እትም ካላወጣ፣ ጊዜው አላለፈበትም። አልሰናዳ ብሎ ቢያስቸግርም ስሕተቱን ገልጾ ለጠባቂው መጻፍ ይገባል እንጂ ምልክቱ ለዚህ አልተሠራም። ለሙከራ የወጣ እትምም ምክንያት አይሆንም። ስማቸው «ጊት» በሚል የሚያልቁ ፓኬጆች ደግሞ በሚሰናዱበት ቀን የቅርቡን ሥራ ስለሚያመጡ የቁጥራቸው ማርጀት አያሳስብም።

ነገሩ የራሳችንን ፊደል ይነካል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2005 እና በ2010 ሌሎች ፊደላት ተጨመሩ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጊኛ የሚያገለግሉ 28 ፊደላት ገቡ። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ የፊደል ቅርጽ ፓኬጅ በእነዚህ ፊደላት ቦታ ባዶ ሣጥን ያሳያል፤ የጉራጌ ተማሪም የገዛ ቋንቋውን ማንበብ ያቅተዋል። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ምልክት ለማድረግ ይቸኩላል። ዳሩ ግን አስቀድሞ የፊደሉን ሠሪ መጠየቅ ያሻል። ሠሪው ፊደላቱን ጨምሮ አዲስ እትም አውጥቶ ከሆነ ምልክቱ ያለ መዘግየት ይደረግ። ካላወጣ ግን ጠባቂው ከየት ያመጣዋል? ልመናው ለሠሪው ነው። በከንቱ ምልክት የተሰላቸ ጠባቂ እውነተኛው በመጣ ጊዜም አያምነው ይሆናል።

ምልክቱ ተደርጎ ጠባቂው ዝም ቢልስ? በመጀመሪያ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ ቀጥሎ ፓኬጁን እንዲለቅ ማመልከቻ ይቀርባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ማመልከቻው ይፈቀዳል። ምልክቱ ከተደረገ 180 ቀን ከሞላው ደግሞ ማመልከቻው እንደ ቀረበ ወዲያው ይጸድቃል፤ ባለቤት ያጣውንም ፓኬጅ የተመዘገበ ማንኛውም ሰው፣ ተማሪም ቢሆን፣ ሊረከበው ይችላል።