ከጎን ሲያዩት የሚጠፋው ቁጥር

በመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲመዘን መዛኙ ከሚዛኑ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ገበሬው ግን ብዙውን ጊዜ ከወዲያ ማዶ ወይም ከጎን ነው። ሚዛኑ በግራጫ መስኮት ላይ ጥቁር ቁጥር የሚያወጣው ዓይነት ከሆነ፣ መዛኙ 48 ኪሎ ብሎ የሚያነበው ለገበሬው ደብዝዞ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ጠፍቶ ይታየዋል። «ምን ደብቀህብኝ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ሁለቱም የሚያዩት ግን ያንኑ መስኮት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ተማሪ ቢጠይቀን መልስ እንዲኖረን እኛ ዕጩ መምህራን ነገሩን ከሥሩ ልናየው ወደድን።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ይባላል። ስሙ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ጨው ክሪስታል ነው፣ ውሃ ፈሳሽ ነው፣ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? እ.ኤ.አ. በ1888 ፍሪድሪኽ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ፕራግ ውስጥ ከካሮት ኮሌስትሮል ጋር የተያያዘ አንድ ንጥረ ነገር ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥበት አየ። በ145.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደፍራሽ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ድፍርሱ ድንገት ጠራ። ነገሩ ግራ ቢያጋባው ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት። በመካከል ያለው ደፍራሹ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ። ለሥራ የዋለው ዘግይቶ ነው፤ ዛሬ በካልኩሌተርና በሰዓት የምናየውን ዓይነት ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪኽ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ነበር።

አሠራሩን በክብሪት ማስረዳት ይቻላል። የክብሪት እንጨቶችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረደርን እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት ብናዞረው፣ የላይኛው ከታችኛው ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። በሁለት መስታወቶች መካከል፣ ከፀጉር በቀጠነ ክፍተት ውስጥ፣ ሞለኪውሎቹ የሚተኙት እንዲህ ተጠማዘው ነው። ከመስታወቶቹ ውጭ በላይና በታች ፖላራይዘር የሚባል ስስ ፊልም ተለጥፏል። ፖላራይዘርን እንደ አጥር ርብራብ እንቁጠረው፤ በቁም በተረበረበ አጥር መሐል ገመድ አሹልከን ላይና ታች ብናወዛውዘው ሞገዱ ያልፋል፣ ግራና ቀኝ ከሆነ ግን ይታገዳል። ሁለቱ አጥሮች ተሻግረው ስለተለጠፉ ብርሃን ማለፍ የሚችለው ጠመዝማዛውን ተከትሎ ሲዞር ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ የደረሳቸው ሞለኪውሎች ተነሥተው ይቆማሉ፤ ጠመዝማዛው ይፈርሳል፤ ብርሃኑ ይታገዳል፤ ያ ቦታ ይጠቁራል። የቁጥሩ ጥቁረት እንግዲህ ቀለም አይደለም፣ የታገደ ብርሃን ነው እንጂ።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በትንሽ ባትሪ የሚሠራ መስኮት ውስጥ ሞለኪውሎቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ነፋስ እንደገፋው በቆሎ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ባዘነበሉበት አቅጣጫ የሚያይ ሰው ሞለኪውሉን በጫፉ በኩል ያገኘዋል፤ በዚህ መንገድ የሚሄደው ብርሃን ንዝረቱ ሳይለወጥ ይታገዳል፣ ቁጥሩም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ከተቃራኒው ወገን የሚያየው ግን ሞለኪውሉን በጎኑ ያገኘዋል። ብርሃኑ ይለወጥና ሁለተኛውን አጥር ያልፋል፤ ቁጥሩ ይጠፋል። ፋብሪካው የሚያሳየውን ወገን የሚመርጠው ለተጠቃሚው አቀማመጥ ነው፤ ማዶ ለቆመው ማን አሰበ!

ስለዚህ ገበሬው ከመዛኙ ጎን ለጎን ይቁም፣ አለዚያም ሚዛኑ ይዙርለት። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ጥርጣሬ አይደለም፣ መብት ነው። ቀይ ቁጥር የሚያበራው ሚዛን የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ይህ ችግር የለበትም።

በነገራችን ላይ ካልኩሌተር በመቂ ፀሐይ መኪና ውስጥ ቢረሳ መስኮቱ በሙሉ ሊጠቁር ይችላል። ራይኒትዘር ያየው ሁለተኛው መቅለጥ እኮ ነው! ሥርዓቱ ፈርሶ ተራ ፈሳሽ ሆኗል፤ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

የዛሬዎቹ ብዙ ስልኮች ከጎንም ይነበባሉ። ሞለኪውሎቹ ከመቆም ይልቅ በተኙበት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለገበያ በመዋሉ ነው። ተቃራኒውን የሚፈልጉም አሉ፤ ጎረቤት እንዳያነብ ጎኑን ብቻ የሚያጨልም ማያ ይሠራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ለትምህርት ቤት የሚጠቅም የሚመስለን የመስኮቱ ሐሳብ ነው። ፈሳሽ ክሪስታልን ብርሃን ከሚውጥ ቀለም ጋር ቀላቅለው ሞለኪውሎቹን በመስታወቱ ላይ ቀጥ አድርገው ካቆሟቸው፣ በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ያልፋል፣ አግድም የሚመጣው ግን ከፊሉ ይዋጣል። መቂ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የእኩለ ቀን ፀሐይ በታኅሣሥ እንኳ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል 75 ያህል። በቁም መስኮት ላይ ይህ በጣም ያጋደለ ብርሃን ነው። እንዲህ ያለ መስታወት የቀትሩን ፀሐይ ቀንሶ የውጭውን ሜዳ ያሳየናል ማለት ነው። በምሥራቅ መስኮት ፊት ለፊት ከሚገባው ከማለዳው ፀሐይ ግን አያድንም፤ ለሱ መጋረጃ ይሻላል።

ለክፍል ሙከራ አንድ ካልኩሌተር ይበቃል። 8ን እስኪሞላ እንጻፍበት፣ ጠረጴዛ መሐል እናስቀምጠው፣ ተማሪዎች ዙሪያውን ይቀመጡ። እያንዳንዱ ራሱን ቀስ እያለ ዝቅ ያድርግ፤ ቁጥሩ የጠፋበትን ማዕዘን በክርና በፕሮትራክተር ለክቶ በደብተሩ ይጻፍ። ከዚያ ካልኩሌተሩን ግማሽ ዙር አዙረን እንደገና እናስለካቸው።