ዕዳ ሲደራረብ ማን ይቅደም? የጂንካ ነጋዴና አበዳሪዎቹ

በውጭው ዓለም ከፋዩን እንቅልፍ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ነው። የጂንካ ነጋዴ ዕዳ ግን መልኩ ብዙ ነው። አንድ ባለሱቅ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የወሰደው ብድር፣ ለአርባ ምንጭ ወይም ለአዲስ አበባ ጅምላ አከፋፋይ ወደፊት የሚደርስ ቀን ጽፎ የሰጠው ቼክ፣ ቀድሞ የበላው ዕቁብ፣ በስልኩ ከቴሌብር መላ የተበደረው ጥቂት ብር፣ ሲብስም አራጣ በአንድ ጊዜ ሊኖርበት ይችላል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ታዲያ በእጅ ያለችው ጥቂት ገንዘብ ለማን ትከፈል? ብዙዎች የሚከፍሉት በር ላይ ቆሞ ለሚጮኸው ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የሚጮኸው አበዳሪ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ቤት የሚያሸጠው በጸጥታ ደብዳቤ የሚጽፈው ነው።

በደቡብ ኦሞ ውዝፍ የሚፈጠረው ሁልጊዜ በነጋዴው ስንፍና አይደለም። የአካባቢው ገንዘብ በሳምንት ገበያ ይንቀሳቀሳል፤ ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ። ፍየሉና በሬው ሲሸጥ ጨርቁ፣ ጨውና ስኳሩ ይገዛል። ከብት ሲሞት ሱቁም አብሮ ይታመማል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የዘለቀው ድርቅ የአርብቶ አደሩን መንጋ ሲጨርስ፣ የኦሞ ወንዝ ሙላት ደግሞ ከ2012 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በዳሰነች ወረዳ በተደጋጋሚ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። በኮቪድና ከዚያ በተከተለው ጦርነት ምክንያት ቱሪስት ሲጠፋ መኪና አከራዩና ባለ ሎጁ ገቢያቸው ደረቀ። የባንኩ ክፍያ ግን በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ከአበዳሪዎቹ ሁሉ ከባዱን መሣሪያ የያዘው ባንክ ነው። በ1990 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በውሉ መሠረት ያልተከፈላቸውን ዕዳ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መያዣውን በሐራጅ ሸጠው እንዲያስመልሱ ፈቅዷል። የሚጠበቅባቸው ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ ባንኩ ንብረቱን ለመጀመሪያው ሐራጅ በተቆረጠው መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። ሥርዓቱን ተላልፎ ጉዳት ቢያደርስ በካሳ ይጠየቃል፤ ካሳው የሚመጣው ግን ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቅ ከተማ ደግሞ የሐራጅ ተጫራች እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ባለዕዳው ራሱ፣ በባንኩ ፈቃድ፣ ገዢ ፈልጎ በስምምነት ቢሸጥ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ሐራጁ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው በባለዕዳው ላይ እንደሚቆይም መዘንጋት የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ የማያስተውለው አንድ ቁጥር አለ፤ 90 ቀን። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በተበላሸ ብድርነት ይመደባል። 180 ሲሞላው አጠራጣሪ፣ 360 ሲደርስ ደግሞ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በየደረጃው ባንኩ ከትርፉ ቀንሶ የሚይዘው መጠባበቂያ ይጨምራል። እንግዲህ ከሦስተኛው ወር በፊት ቢሮ የሚገባ ተበዳሪ የሚያነጋግረው ሥራ አስኪያጅ፣ ብድሩ እንዳይበላሽ ራሱም የሚጓጓ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤትና ወደ ሕግ ክፍል ያመራል፤ ስሙም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚታይ ሌላ ባንክ ሄዶ መበደር ያቅተዋል።

ሁለተኛው ባለ ጉልበት ቼክ የያዘው አከፋፋይ ነው። ቼክ በሕግ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ገና ቢሆንም። ደረቅ ቼክ መስጠት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ስለሚያስቀጣ ጉዳዩ ከፍትሐ ብሔር አልፎ እስር ያስከትላል። «ለዋስትና ብቻ የሰጠሁት ነው» በሚለው መከራከሪያ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም። የሚሻለው ቀኑ ሳይደርስ አከፋፋዩን ማነጋገር፣ የሚቻለውን ከፍሎ አሮጌውን ቼክ በእጅ ተቀብሎ በአዲስ መተካት ነው። አሮጌው በአከፋፋዩ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ዕዳው ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ዕቁቡና የቡድን ብድሩ ሌላ ባሕርይ አላቸው። ከቀድሞው ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ፣ ከዛሬው ኦሞ ባንክ፣ በቡድን ዋስትና የተበደረ ሰው ቢቀር የሚከፍለው ጎረቤቱ ነው። እዚህ የሚጠፋው ስም ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ስም የንግድ ካፒታል ነው። ዋሶችን አስቀድሞ ሰብስቦ እውነቱን መንገር ያዋጣል፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ግን ይቀየማሉ። የስልኩ ብድር መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ዘግቶ ከዝርዝሩ ማውጣቱ ይቀላል።

ትልቁ ስሕተት የባንክን ውዝፍ በአራጣ መክፈል ነው። ለምሳሌ ያህል 600 ሺህ ብር በዓመት 18 በመቶ የተበደረ ነጋዴ የወር ወለዱ 9 ሺህ ብር ገደማ ነው። ውዝፉን ለመዝጋት 100 ሺህ ብር በወር 10 በመቶ አራጣ ቢወስድ የወር ወለዱ 10 ሺህ ይሆናል። የአንድ ስድስተኛው ብድር ወለድ ከዋናው በለጠ! የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ አይፈቅድም፤ አራጣም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል። ይሁን እንጂ አራጣ አበዳሪው ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ ስለሚያስፈርም፣ አንዳንዴም ብድሩን የቤት ሽያጭ ውል አስመስሎ ስለሚያጽፍ፣ ከፊርማ በኋላ ማስረዳቱ ለባለዕዳው ከባድ ነው።

ወደ ባንክ የሚሄድ ሰው «ታገሡኝ» ብቻ ይዞ አይሂድ። ያለፉትን ስድስት ወራት ሽያጭና ወጪ፣ ያለበትን ዕዳ ሁሉ፣ በዱቤ የሰጠውን ዕቃ ዝርዝር አዘጋጅቶ፣ ከውዝፉም ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቢቀርብ ይደመጣል። የክፍያው ጊዜ ገበያውን እንዲከተል መጠየቅም አያሳፍርም። መኪና አከራዩ ቱሪስት በሚበዛበት ወቅት ብዙ፣ በሌላው ጊዜ ጥቂት መክፈል እንደሚችል በቁጥር ካሳየ፣ ለባንኩም ከማይከፈል እኩል የወር ክፍያ ይሻለዋል። ሊያሟላው የማይችለውን የክፍያ ሠንጠረዥ ከመፈረም ግን ይጠንቀቅ፤ የፈረሰ ስምምነት ሁለተኛውን ድርድር ይዘጋል።

ዕዳው ከንብረቱ የበለጠ እንደሆነ፣ በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ነጋዴው ሳይከስር በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን መልሶ የሚያዋቅርበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ለአነስተኛ ሱቅ ወጪው ሊከብድ ይችላል፤ ለባለ ሎጅና ለትልቅ እህል ነጋዴ ግን የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ከማንኛውም አበዳሪ ጋር የተደረሰው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ እያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ ይኑረው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በሰው ምስክር ብቻ እንደማይረጋገጥ ሕጉ ስለሚደነግግ፣ መክፈልንም በወረቀት መያዝ ይበጃል። የባንኩ ዕዳ ሲያልቅ ደግሞ የዕዳ ነጻነት ደብዳቤውን ተቀብሎ ማዘጋጃ ቤት በመሄድ በቤቱ ካርታ ላይ ያለውን እግድ ማስነሳት የባለዕዳው ፋንታ ነው።