ዮናስ ያልመለሰው ጥያቄ፦ በብርድ ወራት ስለ ውሻ

ትንቢተ ዮናስ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ የሚያበቃውም በእንስሳት ነው። ነቢዩ ጥላ የሆነችው ቅል ስለ ደረቀች ተቆጥቶ ሳለ፣ እግዚአብሔር በነነዌ ያለውን ሕዝብ፣ በመጨረሻም የከተማይቱን እንስሳት ብዛት አንሥቶ ይጠይቀዋል። ዮናስ ምን እንደ መለሰ አልተጻፈም። እኛ በሚኒያፖሊስ የምንኖር ሰዎች ይህን መጽሐፍ የምናነብበት ጾመ ነነዌ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይውላል፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ፣ የመኪና በር አልከፈት ብሎ፣ እስትንፋስ ጢም ላይ በረዶ በሚሠራበት ሰሞን ማለት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት በውሻ ላይ አደርገዋለሁ። ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ፤ ቆዩኝ።

መጀመሪያ አንድ ልዩነት እንያዝ። የአገር ቤት ውሻ ከደጅ ይውላል፣ ከደጅ ያድራል። ሲበርደው ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ይፈልጋል፣ ማታ አመድ ላይ ይተኛል፣ ዝናብ ሲመጣ ከጎተራ ሥር ይገባል። የሚመርጠው ራሱ ነው። እዚህ ልጆቻችን ያስገቡት ውሻ ግን አንገቱ ላይ ማሰሪያ አለ፣ የማሰሪያው ጫፍ በእጃችን ነው። ስንወጣ ይወጣል፣ ስንቆም ይቆማል። ምርጫውን ወስደንበታል። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ሰው እንስሳትን እንዲገዛ ሥልጣን እንደ ተሰጠው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ይህን ሥልጣን የምናስበው ግን ብዙ ጊዜ በማዘዝ በኩል ብቻ ነው። የሌላውን ምርጫ የወሰደ ሰው ለዚያ ለሌላው ማሰብም ግዴታው ይሆናል። ውሻው «በቃኝ፣ እንመለስ» ማለት አይችልም። «በቃው» የምትሉለት እናንተ ናችሁ።

ሊቃውንት የሥጋን ተፈጥሮ ሲያስተምሩን ከአራት ባሕርያት ነው ይላሉ፤ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት። ሰው በነፍሱ ከእንስሳ ይለያል፤ በእነዚህ በአራቱ ግን ከውሻው ጋር አንድ ነው። የብርድን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። እሳቱ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ነው፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ከእኛ ከፍ ይላል። ይህን እሳት የሚሰርቁት ውኃና ነፋስ ናቸው። ጠጉር የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ከረጠበ ያ አየር ይጠፋል፣ ነፋስ ከገባበትም እንዲሁ። ስለዚህ ከዜሮ በጣም በወረደ፣ ግን ደረቅና ፀጥ ባለ ብርድ ደህና የዋለ ውሻ፣ ዜሮ አካባቢ በሆነ እርጥብና ነፋሻ ቀን ሊታመም ይችላል። ስልካችሁ ላይ የሙቀቱን ቁጥር ብቻ አትዩ፤ ከሥሩ «ሲሰማ እንዲህ ይመስላል» የሚለውን የነፋሱን ቁጥርም አንብቡ።

ብርዱን ግን እንደ ሰይጣን አንቍጠረው። በጸሎተ ሠለስቱ ደቂቅ ውስጥ ቁርና ውርጭ፣ አመዳይና በረድም እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ይጠራሉ፤ ትንሽ ዝቅ ብሎ አራዊትና እንስሳት ይጠራሉ። በአንድ መዝሙር ውስጥ አብረው ቆመዋል። የባሌን ቀይ ቀበሮ ተመልከቱ፤ ሳነቴ ላይ፣ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውርጭ በወረደበት ሌሊት ጉድጓድ ሳይፈልግ ሜዳ ላይ ኩርምት ብሎ አፍንጫውን ከጅራቱ ሥር ሸጉጦ ያድራል። የቤት ውሻም የራሱ ጥበብ ተሰጥቶታል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2011 እንዳሳዩት፣ በመዳፉ ውስጥ ሞቃቱን ደም ወደ ታች የሚያወርዱትና የቀዘቀዘውን የሚመልሱት ሥሮች ተጠጋግተው ስለሚሄዱ፣ የሚወርደው ለሚመለሰው ሙቀቱን ያካፍለዋል። ቅዝቃዜው ወደ ልብ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይለዝባል። በረዶ ላይ ባዶ እግሩን መቆም የሚችለው በዚህ ነው፤ መቆም የሚችለው ግን ለዘላለም አይደለም።

ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። አንድ የጥር ማታ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን፣ የልጄን ውሻ ቡቺን ይዤ ወጣሁ። ቡቺ ጠጉረ አጭር፣ ሆዱ ራቁቱን ማለት የሚቻል ውሻ ነው። እኔ ሁለት ጃኬት ደርቤያለሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ የአገር ቤት ስልክ ስለሆነ ቆሜ አወራሁ። ቡቺ የቀኝ ፊት እግሩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ የግራውን አነሣ። የሚጫወት መሰለኝ። ቀጥሎ በረዶው ላይ ቁጭ አለና ቀና ብሎ አየኝ። ማሰሪያውን ሳብሁና «ና እንጂ!» አልሁት። መጣ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ እያነከሰ መጣ። ቤት ስንደርስ በጣቶቹ መካከል ሽንብራ የሚያህል በረዶ ተጋግሯል፣ ዙሪያው በመንገድ ጨው ቀልቷል። ልጄ አንድ ቃል አልተናገረችም። ለብ ያለ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አመጣችና እግሩን አንድ በአንድ ነከረችለት። ዝምታዋ ከስብከት ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ የእግሩን ማንሣት እንደ ቃል ስሙት። መንቀጥቀጥ፣ እግር ማፈራረቅ፣ ወደ ቤት ፊትን ማዞር፣ አልሄድ ብሎ መቀመጥ፤ እነዚህ ሁሉ «እንመለስ» ማለት ናቸው። ከዚያ የሚከፋው ሲንቀጠቀጥ የነበረ ውሻ መንቀጥቀጡን ትቶ ሲደነዝዝና ሲንገዳገድ ነው። ሞቆት አይደለም፤ ሰውነቱ መታገሉን ስለ ተወ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ውርጭ የመታው የጆሮ ጫፍ፣ ጅራት ወይም ጣት ገርጥቶ ወይም ጠቁሮ ቢታይ አትሹት፤ ማሸት የሞተውን ሥጋ ይልጠዋል። የፈላ ውኃና የጠጉር ማድረቂያም አይነካው።

ቁጥር ለምትፈልጉ፦ ዜሮ ሴንቲግሬድ፣ እዚህ አገር አቆጣጠር 32 ፋራናይት፣ ለትንሽ፣ ለጠጉረ አጭር፣ ለቡችላና ላረጀ ውሻ መጠንቀቂያ ነው፤ ልብስ ይልበስ፣ ጉዞው ይጠር። ከ20 ፋራናይት በታች፣ ማለትም ከዜሮ በታች 7 ገደማ፣ ማንኛውም ውሻ ዓይናችሁ ሥር ይሁን። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ሴንቲግሬድ ወርዳ ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀን ሽንቱን ሸንቶ መመለስ ይበቃዋል። «ሃስኪ ነው፣ በረዶ ይወዳል» የምትሉ አላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይወዳል። ነገር ግን በአላስካው የአይዲታሮድ ውድድር እንኳ፣ ለዚሁ ተወልደው ለሚሮጡት ውሾች፣ ነጂው ለእያንዳንዱ ስምንት የእግር ጫማ እንዲይዝ ደንቡ ያስገድዳል። የእናንተው ሶፋ ላይ የሚያድግ ነው።

ጨው የሚያቃጥለው መዳፉን ብቻ አይደለም፤ ቤት ገብቶ ሲልሰው ሆዱን ያውከዋል። ከመውጣታችሁ በፊት መዳፉን ቫዝሊን ቀቡት፣ ሲመለስ እጠቡት፣ በጣቶቹ መካከል አድርቁ። ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው ግን አንቲፍሪዝ ነው። ከመኪና ሥር የሚንጠባጠበው ያ ፈሳሽ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ ለትንሽ ውሻ ጥቂት ማንኪያ ይገድላል። መጀመሪያ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፤ በዚያ ሰዓት ኩላሊቱ እየሞተ ነው። «ተሻለው» ብላችሁ እንዳትተኙ፤ መድኃኒቱ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሐይቅ ላይ ደግሞ፣ የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ በረዶ ይላል። ውሻው ሰብሮ ቢገባ ተከትላችሁ አትግቡ፤ 911 ደውሉ።

ውጭ የማይቻል ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ አጫውቱት። የደረቀ ዳቦ ቁራሽ በየትራሱ ሥር ደብቁና «ፈልግ!» በሉት። አሽቶ መፈለግ ያደክመዋል፤ ሩብ ሰዓት ከፈለገ በኋላ ተዘርሮ ሲተኛ ታያላችሁ። ወጥ ግን አትስጡት! የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ይጎዳሉ። የዶሮ አጥንትም ያው ነው፤ ሲበስል ይሰነጠራል።

«ውሻ ቤት ማስገባትስ አይከለከልም ወይ?» የሚል ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል። ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ያ ለቅድስናው ክብር የተሠራ ሥርዓት ነው፣ ይጠበቅ። ሥርዓቱ ግን በበረዶ ላይ እሰሩት አላለም። በመጽሐፈ ጦቢት ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻ ይከተላቸዋል፤ የታሪኩ ጸሐፊ ውሻውን መቍጠር አላሳፈረውም። ውሻውን ከደጅ የምታሳድሩ ካላችሁ ደግሞ የሚኒሶታ ሕግም ይናገራችኋል፤ ነፋስና እርጥበት የማያስገባ ቤት፣ ገለባ ወይም ሌላ ጉዝጓዝ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች መጨረሻም በመግቢያው ላይ የነፋስ መከለያ ይጠይቃል።

በመጨረሻ ባለፈው ሰንበት ከሕፃናቱ አንዱ ያነሣው አለ። የነነዌ ንጉሥ እንስሳቱም እንዳይቀምሱ አዝዞ ነበርና፣ «የእኛም ውሻ ይጹም?» አለኝ። ከኋላ ያሉ እናቶች ሳቁ፤ ልጁ ግን አልሳቀም። ልጄ፣ ያ የአንድ ጊዜ የንጉሥ አዋጅ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን በእንስሳ ላይ ጾም አልጣለችም። ደግሞም ብርድ ላይ ብዙ የሚቆይ ውሻ ሙቀቱን የሚያገኘው ከምግቡ ስለሆነ ከበጋው ይልቅ ይጨመርለታል። ቤት ውስጥ ተኝቶ የሚውል ከሆነ አትጨምርለት፣ ይወፍራል። ውኃውንም እይለት፤ በረንዳ ላይ ያለው ሳህን እስከ ምሳ ሰዓት ድንጋይ ይሆናል።