የሞተውን ባክቴሪያ ልሽጠው ወይ ላልሽኝ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ የሞተ ባክቴሪያ በካፕሱል አሽገው አቅርበውልኛል፤ ልሽጥ ወይስ ልመልስ?» ላልሽኝ በስልክ የሚያልቅ መልስ ስለሌለኝ ጻፍኩልሽ። ዕድሜዬን ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ የፈጀሁ ሰው ነኝና ከሳይንሱ ጋር የገበያ ነገር ብቀላቅልበት አትታዘቢኝ።

1. መሞቱ አያስደንግጥሽ። ፕሮባዮቲክ ተብሎ የሚሸጠው ሕያው ተሕዋስ ነው። ፖስትባዮቲክ ደግሞ ሆን ተብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት የተገደለ ተሕዋስ ወይም የአካሉ ስብርባሪ ሆኖ ለጤና የሚጠቅም ነው፤ የዘርፉ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ማኅበር ይህን ፍቺ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። አንጀታችን ባክቴሪያን የሚለየው በላዩ ባለው ልባስና ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያው ሲሞት ያ ሁሉ የግድ አብሮት አይጠፋም።

2. አንድ ነገር ብቻ የምታነቢ ከሆነ የአከርማንሲያን ታሪክ አንብቢ። ይህ ባክቴሪያ አንጀታችንን ከውስጥ በሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ የሚኖር፣ አየር የማይወድ ፍጥረት ነው። ቤልጅየም ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ያሉት እነ ፓትሪስ ካኒ በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ አሙቀው ገደሉትና ለአይጦች ሰጡት። የሞተው ከሕያው በልጦ ተገኘ! ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ በባክቴሪያው የውጭ ልባስ ላይ ያለ፣ በዚያ ሙቀት የማይበላሽ አንድ ፕሮቲን አገኙ። በሰው ላይ ያደረጉት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ ከመጠን በላይ የወፈሩና ኢንሱሊን በደንብ የማይሠራላቸው 32 ሰዎች ሦስት ወር ሙሉ ተከታትለው ጨረሱት። የሞተውን የወሰዱት ኢንሱሊናቸው የተሻለ ሠራ፣ ኮሌስትሮላቸውም ቀነስ አለ። ክብደታቸው ግን በሚያስተማምን ልክ አልወረደም። ደግሞም 32 ሰው ሦስት ሚኒባስ አይሞላም፤ ያውም በሦስት ቡድን የተከፈለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 የመሰከረለት ለአዋቂዎች ጉዳት እንደሌለው ነው፤ እርጉዞችንና የሚያጠቡትን ሳይጨምር። ያድናል ብሎ አልፈረመም። አቅራቢሽ «ቦርጭ ያጠፋል» ካለሽ ቡና ጋብዘሽ ሸኚው።

3. ሙቀትና የመብራት መጥፋት የሞተውን ብዙም አያሳስቡትም። ሕያው ከሆነ ግን በካርቶኑ ላይ በቢሊዮን የተጻፈው የባክቴሪያ ብዛት ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ይሁን እስከ መጠቀሚያ ጊዜው ማብቂያ የሚዘልቀው ለይተሽ አንብቢ። ፍሪጅ የሚሻ ዕቃ ከዲሲ በሻንጣ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ሲሰነብት ስንቱ በሕይወት እንደተረፈ ማን ይቆጥራል? ሳያውቁት የሞተ ባክቴሪያ የሚሸጡ ሳይኖሩ አይቀሩም። እንዲህ በድንገት ያለቀውን ፖስትባዮቲክ ብለሽ እንዳትሸጪልኝ።

4. ለደከመ በሽተኛ ሕያው ባክቴሪያ ከመስጠትሽ በፊት ሐኪሙን ጠይቂ። ሆላንድ ውስጥ በጽኑ የቆሽት መቆጣት በታመሙ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት አለ፤ ፕሮባዮቲክ ከተሰጣቸው 152 ሰዎች 24ቱ ሞቱ፣ ካልተሰጣቸው 144 ሰዎች ግን የሞቱት 9 ነበሩ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጥ ፕሮባዮቲክ ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል እንደሚችል ሐኪሞችን አስጠነቀቀ። የሞተ ባክቴሪያ አይራባም፤ ለእኔ ትልቁ ብልጫው ይህ ነው። ሆኖም ስብርባሪውም የሰውነትን መከላከያ ይነካካልና ለጨቅላ «ምን ያደርገዋል» ብለሽ አትስጪ።

5. ሕያው መሆኑ የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ የሚስማማው፣ የእርጎው ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር አንጀት ውስጥ ሆነው ስለሚያብላሉለት ነው። እርጎውን ካሞቅሽው ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል። ካልፈላ ወተት የረጋው ግን ብሩሴሎሲስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ወተቱ መጀመሪያ ይፈላ፣ ከዚያ እርሾ ተጨምሮበት ይርጋ።

6. «እንጀራችንስ ፖስትባዮቲክ አይደለም ወይ?» የሚል ደንበኛ መምጣቱ አይቀርም። አትሳቂበት፣ ነገር አለው። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ይላል፤ ምጣዱ ላይ ዓይኑ ወጥቶ አክንባሎው ሲደፋበት ያን ሁሉ ተሕዋስ እንፋሎቱ ይጨርሰዋል። የሠሩት ሥራ ግን ይቀራል፦ ኮምጣጣው አሲድ አለ፣ በጤፉ ውስጥ ብረትን አንቆ የሚይዘው ፋይቴትም ቀንሷል። ይሁንና የየቤቱ እርሾ የተለያየ ነው። የትኛው ባክቴሪያ፣ በምን ያህል መጠን፣ ምን እንደጠቀመ ተለክቶ ስላልቀረበ ስሙን ለእንጀራ አንሰጥም። እንጀራ እንደሆነ ያለ ማስታወቂያም ይበላል።

7. ካርቶኑን ገልብጪው። የባክቴሪያው ስም እስከ ዝርያ መለያ ቁጥሩ፣ የተገደለበት ዘዴ፣ መጠኑ አለ? ያ ራሱ ዝርያ ይጠቅማል ለተባለለት ሕመም በሰው ተሞክሯል? ከሌለበት መልሺው። የሌላ ዝርያ ጥናት አምጥተው ቢያሳዩሽ አትቀበዪ።

8. ተቅማጥ የያዘው ልጅ አዝላ የምትመጣ እናት ስትጠይቅሽ ሕያውም የሞተም ባክቴሪያ አታንሺባት። ኦአርኤስና ዚንክ ስጫት፤ ዚንኩ ከስድስት ወር በታች ላለ በቀን 10 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቢቆምም ሳታቋርጥ። ደም ከቀላቀለ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጥባት ካቃተው ሳትውል ሳታድር ጤና ጣቢያ ትውሰደው። የዚንክ ትርፉ እንደ ካፕሱሉ አያጓጓም፣ አውቃለሁ። አንቺ ግን ለባጃጅ የያዘቻትን ብር በካፕሱል እንዳታስጨርሻት።