ከልጁ ጋር የምትውለው ሴት ትግባ

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 10 ወሩ ነው። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ፣ ገና በ3 ወሩ፣ ለሞግዚት ትቼው ሥራ ገባሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቼ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል እመለሳለሁ። የ9 ወሩን የኩፍኝ ክትባት ሊወስድ ሄዶ ሲመዘን ከበፊቱ ምንም አልጨመረም። ሞግዚቷን ስጠይቃት “በደንብ ይበላል” ትላለች። ጎረቤቶቼ ግን ምግቡን ራሷ እየበላችው ይሆናል፣ ካሜራ አስገጥሚ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በቅድሚያ ልጁን በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ተደጋጋሚ ተቅማጥ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ሳንባ ነቀርሳም ኪሎ ያስቀራሉና ሳይመረመር በምግብ ብቻ ማሳበብ አይገባም።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣልኝ ቶሎ ብዬ የምጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ፤ ገንፎው ማንኪያ ላይ ይቆማል ወይስ ይፈስሳል? አብዛኞቹ እናቶች መልሱን አያውቁትም። የምታውቀው ሞግዚቷ ናት፤ እሷ ደግሞ ልጁን አቅፋ ወረፋ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ስም ሲጠራ ለእናትየዋ አስረክባ ኮሪደር ላይ ቀርታለች። ስለዚህ ሲመጡ ይዘዋት ይምጡ፤ አብራችሁ ግቡ።

ምናልባት ልጅዎ አጥሚት በጡጦ ይሰጠው ይሆናል። በጡጦ የሚሰጥ አጥሚት በጡጦው ቀዳዳ እንዲያልፍ መቅጠን አለበት። ሲቀጥን ደግሞ ከዱቄቱ ውሃው ይበዛል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ከሞላ ልጁ ጠገብኩ ብሎ ፊቱን ያዞራል፣ ያገኘው ጉልበት ግን ጥቂት ነው። ጡጦው ባዶ ሆኖ ያየች ሞግዚት “በደንብ ይበላል” ብትል አልዋሸችም። ካሜራም ቢሆን የገንፎውን ውፍረት አይነግርዎትም። ጡጦ በደንብ ለማጽዳትም ያስቸግራል፤ በኩባያና በማንኪያ መመገብ ይሻላል።

በዚህ ዕድሜ ልጅዎ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ወፈር ያለ ምግብ፣ በመሃል 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ ያስፈልገዋል። ጡትም ጠዋት ሳይወጡ፣ ማታ ሲገቡና ሌሊት ይጥባ፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል ይችላል። ዱቄቱ 3 እጅ እህል፣ 1 እጅ ጥራጥሬ ይሁን። ምጥኑ ውስጥ 10 ዓይነት እህል ካልገባ የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእህሉ ብዛት ይልቅ ገንፎው ላይ የሚጨመረውን አጥብቄ እጠይቃለሁ። እንቁላል፣ ደቆ የተፈጨ ሥጋ ወይም ጉበት፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ። ጤፍ ብረት አለው፤ ከእህል የሚገኘውን ብረት ግን ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ያግዘዋል፣ ሻይ ደግሞ ያደናቅፈዋል። በሻይ የራሰ ብስኩት ለሕፃን መስጠት የብዙ ቤት ልማድ ነውና እባክዎ ይተዉት። ማር 1 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በፍጹም አይቅመስ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሞግዚቷ እርስዎ በሌሉበት ምሳ ምን ትበላለች? እንቁላሉ ተቆጥሮ “የልጁ ነው” የሚባልባቸው ቤቶች አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ልጅ የምታበላ ሴት ራሷ መጥገብ አለባት።

ጥያቄ፦ በሞግዚትነት ተቀጥሬ የ1 ዓመት ከ4 ወር ሴት ልጅ እይዛለሁ። ምግብ ሳበስልና ልብስ ሳጥብ ስልክ ከፍቼ አስቀምጣታለሁ። ይጎዳታል? ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ከአልጋ ወድቃ ነበር፤ እንዳልባረር ፈርቼ አልተናገርኩም።

መልስ፦ ስለ ውድቀቱ ዛሬውኑ ለእናቷ ይንገሩ። ደጋግሞ ካስመለሳት፣ ከወትሮው በተለየ እንቅልፍ ከተጫናት፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ከጆሮዋ ወይም ከአፍንጫዋ ደም ወይም ፈሳሽ ከወጣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። እየበላችና እየተጫወተች ከሆነ ደህና ምልክት ነው፤ ቢሆንም ሐኪም ይያት። ይህን ለምታነቡ ወላጆችም የምለው አለኝ፤ ልጅ እናቱ እጅ ላይ እያለም ይወድቃል። ወደቀ ብላ የነገረቻችሁን ሞግዚት ብታባርሩ፣ ቀጥላ የምትመጣው አትነግራችሁም። እኛም ድንገተኛ ክፍል “መቼ ወደቀ?” ስንል የሚመልስልን አናገኝም።

ስለ ስልኩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመከርም፤ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ድረስ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ልጅ ቋንቋ የሚለምደው መልስ ከሚሰጠው ሰው ነው። ሽንኩርት ሲልጡ ከእሳቱ ራቅ አድርገው አጠገብዎ ያስቀምጧት፤ ጣሳና የእንጨት ማንኪያ ይስጧት፤ “ይሄ ምንድነው? ሽንኩርት!” ይበሏት። እኩኩሉ ያጫውቷት። ኦሮምኛም ይሁን ወላይትኛ ወይም ጉራጊኛ፣ በአገርዎ ቋንቋ ይዝፈኑላት፤ ሁለት ቋንቋ መስማት አያምታታትም። በዚህ ዕድሜ በቀን ውስጥ በድምሩ 3 ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ አለባት፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ ትሩጥ። ፀሐይ በመስኮት መስታወት በኩል ቫይታሚን ዲ አይሰጥም፤ ደጅ መውጣት ያስፈልጋል። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ከረሜላ ግን ቢያንስ 4 ዓመት እስኪሞላት አይስጧት፤ ያንቃታል።

ጥያቄ፦ ልጅ ላይ ትኩስ ሻይ ሲደፋ የጥርስ ሳሙና መቀባት ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም፤ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ ሊጥም አይቀባ። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀዝቅዙት፤ ቧንቧ ከጠፋ በጆግ ያፍስሱበት። በረዶ አይጠቀሙ። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ፊት፣ እጅ ወይም የብልት አካባቢ ከሆነ ትንሽ ቢመስልም አይዘግዩ። ከሰሉ የተያያዘበት ማንደጃና ጀበናው መሬት ላይ ሲሆኑ ለሚድህ ልጅ እጅ ቅርብ ናቸው። ቤት ውስጥ ልጁን የሚይዝ ሌላ ሰው ከሌለ፣ ቡናው ልጁ ሲተኛ ይፈላ።