በእስክሪብቶ ቀለም መነቀስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በልብስ መስፊያ መርፌና በእስክሪብቶ ቀለም ክንዴ ላይ ሊነቅሰኝ ነው። «ቀለም ያው ቀለም ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም። የእስክሪብቶ ቀለም ለወረቀት የተሠራ፣ በኬሚካል የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ከጀርም ነጻ ሆኖ አይመረትም። የንቅሳት ቀለም ግን የማይሟሙ ደቃቅ ብናኞች አሉት፤ ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ነው። መርፌው ከላይኛው ቆዳ በታች ሲያደርሳቸው የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ይውጧቸዋል፤ ሊፈጯቸው ስለማይችሉ ግን ይዘዋቸው እዚያው ይቀራሉ። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው ለዚህ ነው። እናቶቻችን በጥላሸት የተነቀሱትም ቢሆን ያው ካርቦን ነው።

«የንቅሳት ቀለም» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእነዚህ ቀለሞች ውስጥ የሚገቡ ከ4000 በላይ ኬሚካሎችን ገድቧል።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን መርፌው ነው። ሌላ ሰው የተነቀሰበት መርፌ ሄፓታይተስ ቢንና ሲን፣ ኤችአይቪንም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ በክብሪት መለብለቡም አያስተማምንም። ከእሽጉ ፊትዎ የሚወጣ አዲስ መርፌ፣ ጓንትና ለእርስዎ ብቻ የተቀዳ ቀለም ከሌለ ይቅርብዎ። ተነቅሰው ከሆነና ቦታው መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከተሰማዎ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።