ያለ ጂም የክንድን ጥንካሬና ቅርጽ ማዳበር፦ ለሮቤ፣ ለጎባና ለባሌ ደጋ የሚስማማ የ12 ሳምንት የልምምድ ዕቅድ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሮቤ ወይም በጎባ የሚኖር፣ ጂም ለመግባት ጊዜ ወይም ገንዘብ የሌለው ሰው ክንዱንና ትከሻውን በእውነት የሚያጠነክር ልምምድ ሊያገኝ ይችላል ወይ? የታተሙ የምርምር ውጤቶች የሚያመለክቱት መልሱ አዎንታዊ መሆኑን ነው። ወሳኙ የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን፣ ጭነቱ እየተለካ በየጊዜው መጨመሩ ነው። ጽሑፉ ይህን ካስረዳ በኋላ በጀሪካንና በራስ የሰውነት ክብደት የሚሠራ ዕቅድ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ የላይኛው አካል ጥንካሬ፣ እያደገ የሚሄድ ጭነት፣ ፑሽ አፕ፣ ጀሪካን፣ የባሌ ደጋ

1. መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ስፖርት ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው እግር ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ የማራቶን ድል የተቀዳጀው በእግሩ ነው። ሆኖም የዚሁ አትሌት ታሪክ ብዙ የማይነገርለት ሌላ ምዕራፍ አለው። በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በእንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1970ም በተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። ከአደጋው በኋላ ስፖርቱን የተሸከሙት ክንዶቹና ትከሻዎቹ ነበሩ።

የላይኛው አካል ጥንካሬ ለአትሌት ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በ17 አገሮች ወደ 140,000 የሚጠጉ ጎልማሶችን የተከታተለውና በ2015 የታተመው ጥናት፣ የእጅ የመጨበጥ ኃይል በ5 ኪሎ ግራም ባነሰ ቁጥር በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን ዘግቧል። ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ የክንድ ጉልበት የአጠቃላይ ጤንነት መስተዋት መሆኑን ግን ይጠቁማል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ ጎልማሶች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል።

በባሌ ደጋ የክንድ ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። ሞፈርና ቀንበር፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ የስንዴ ጆንያ፣ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ሁሉም ክንድ ይጠይቃሉ። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው ጡንቻው ያለማቋረጥ ለምን አያድግም? መልሱ ቀላል ነው፤ 20 ሊትር ውኃ ዛሬም በሚቀጥለው ዓመትም 20 ኪሎ ግራም ነው። ሰውነት ለአንድ ጭነት ከተላመደ በኋላ ለተጨማሪ ዕድገት ምክንያት የለውም። በሌላ በኩል፣ ቀኑን በመማሪያ ክፍልና በቢሮ ወንበር ላይ የሚያሳልፈው የከተማ ነዋሪ ይህንኑ የተለመደ ጭነት እንኳ እያጣ ነው።

2. «ቅርጽ ያለው ክንድ» ሲባል

በዕለት ንግግር «ክንዴ ቅርጽ ይያዝ» የሚል ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይመኛል፦ ጡንቻው እንዲዳብርና በላዩ ያለው የስብ ሽፋን እንዲሳሳ። ሁለቱ በተለያየ መንገድ የሚመጡ ናቸው። ጡንቻ የሚዳብረው በራሱ ላይ በሚያርፍ ጭነት ነው። ስብ ግን ከመላው አካል የሚቀነስ እንጂ በሚሠራው ጡንቻ አካባቢ ተመርጦ የሚቃጠል አይደለም። በ1971 የታተመ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች አነጻጽሮ፣ ዘወትር ራኬት በሚይዘው ክንድና በሌላው መካከል ከቆዳ ሥር ባለው የስብ ውፍረት ላይ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ክንድን ለማቅጠን ቀላል ነገር ይዞ መቶ ጊዜ ማወዛወዝ የታሰበውን ውጤት አያስገኝም።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ትኩረትን ሁሉ ለፊተኛው የክንድ ጡንቻ፣ ለባይሴፕስ መስጠት ነው። ከክርን በላይ ካለው የክንድ ጡንቻ ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን ከኋላ ያለው ባለ ሦስት ራሱ ትራይሴፕስ ነው፤ እርሱም የሚሠራው በመግፋት ነው።

ሦስተኛው ስሕተት የብዙ ሴቶች ሥጋት ነው፤ «ክብደት ካነሣሁ እንደ ወንድ እሆናለሁ» የሚል። የጎልማሳ ወንድ የቴስቶስትሮን መጠን ከሴቷ ከ10 እጥፍ በላይ ነው፤ በመሆኑም ተፈጥሯዊ ልምምድ ብቻ ሴትን የወንድ ግዝፈት አያላብሳትም። ከመነሻዋ አንጻር የምታገኘው ዕድገት ግን ከወንዱ አያንስም። በ2020 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና፣ በላይኛው አካል ጥንካሬ ረገድ የሴቶች አንጻራዊ ለውጥ እንዲያውም በልጦ መገኘቱን አሳይቷል።

3. የጭነት ሕግ

የዘመናዊው የጥንካሬ ልምምድ መሠረት የተጣለው በሕክምና ቦታ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ የቆሰሉ ወታደሮችን በከባድና እያደገ በሚሄድ ጭነት ማሠራት ጡንቻቸውን በፍጥነት እንደሚመልስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ሁለት ነጥቦችን አክለዋል።

አንደኛው፣ ጭነቱ እጅግ ከባድ መሆን የለበትም። በ2015 የታተመ የ8 ሳምንት ጥናት በአንድ ዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ እና ከ25 እስከ 35 ጊዜ የሚነሡ ጭነቶችን አነጻጽሮ፣ ሁለቱም እስከ ድካም ጫፍ ከተሠሩ የጡንቻ ውፍረት ለውጣቸው ተቀራራቢ መሆኑን፣ በከፍተኛው ጥንካሬ ግን ከባዱ እንደሚበልጥ አረጋግጧል። ሁለተኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጉልበት ጭማሪ በአብዛኛው ከነርቭ ሥርዓት መላመድ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በ3ኛው ሳምንት መስታወት ፊት ቆሞ ለውጥ ያላየ ሰው ልምምዱ ከሸፈ ብሎ ማቆም አይገባውም።

ፑሽ አፕን በዚህ ሕግ ስንመረምረው ብዙ ጀማሪዎች ለምን እንደሚያቋርጡት ይገባናል። በ2011 በታተመ ልኬት መሠረት፣ መሬት ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ የሰውነትን ክብደት 64 በመቶ ያህል በእጅ ላይ ያሳርፋል። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሠራ 49 በመቶ፣ እጅ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ነገር ላይ ሲያርፍ 41 በመቶ፣ እግር በዚያው ልክ ከፍ ሲል ደግሞ 74 በመቶ ይሆናል። 60 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ጀማሪ፣ መሬት ላይ መጀመር ማለት 38 ኪሎ ግራም ያህል መግፋት ነው፤ ከፍ ባለ መደገፊያ ብትጀምር ግን ጭነቱ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ ፑሽ አፕ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ መሰላል ነው።

4. ከፍታና ብርድ

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። አንድ ዙር የክብደት ልምምድ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሚፈጅ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ጡንቻው ውስጥ በተከማቸ ጉልበት ነው፤ ከፍታው እምብዛም አያግደውም። በዙሮች መካከል የሚደረገው ማገገም ግን ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ እንደ ደሎ መና ካሉ ቆላማ አካባቢዎች በቅርቡ የመጣ ተማሪ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዕረፍት ጊዜውን እስከ 3 ደቂቃ ቢያረዝም ይጠቀማል። የደጋው የማለዳ ብርድም ቸል አይባልም፤ ከልምምዱ በፊት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በፈጣን እርምጃና ክንድን በማሽከርከር ሰውነትን ማሞቅ ያስፈልጋል።

5. ዕቅዱ

የሚያስፈልጉት ሁለት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የማይነቃነቅ መደገፊያ ናቸው። የጀሪካን ብልጫው ልኬቱ ነው፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ጭነትን በግማሽ ኪሎ ግራም እንኳ መጨመር ይቻላል። ልምምዱ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለለ የሚሠራ ሲሆን አራት እንቅስቃሴዎች አሉት።

ሀ) ፑሽ አፕ፦ ከመሰላሉ ለአቅም በሚስማማው ደረጃ። ደረት፣ ትከሻና ትራይሴፕስን ያሠራል።
ለ) መሳብ፦ ወገብን ሳያጎብጡ ከዳሌ ጎንበስ ብሎ፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በሁለት እጅ ወደ እምብርት መሳብ። ጀርባንና ባይሴፕስን ያሠራል።
ሐ) ወደ ላይ መግፋት፦ ሁለቱን ትንንሽ ጀሪካኖች ከትከሻ ወደ ላይ ማንሣት።
መ) ክርን ማጠፍ፦ ጀሪካኖቹን ከጭን ጎን ወደ ትከሻ ማምጣት፤ ሲወርዱም በዝግታ።

ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሳምንት እያንዳንዱ 2 ዙር፣ ከ5ኛው እስከ 12ኛው 3 ዙር ይሠራል። በየዙሩ ከ8 እስከ 15 ድግግሞሽ ተሠርቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለመድገም የሚበቃ አቅም ሲቀር ይቆማል። በዙሮች መካከል 2 ደቂቃ ማረፍ ይበቃል። ሁሉም ዙሮች 15 ሲደርሱ፣ በሚቀጥለው ቀን በትንንሾቹ ጀሪካኖች ግማሽ ሊትር፣ በትልቁ 2 ሊትር ውኃ ይጨመራል፤ በፑሽ አፕም አንድ ደረጃ ይወጣል። ትንንሾቹ ጀሪካኖች ሲሞሉ ከውኃ በሚከብደው በአሸዋ መቀየር ይቻላል።

ትንፋሽን አፍኖ ማንሣት የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሲገፉ ማስወጣት፣ ሲመልሱ ማስገባት ይገባል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የትከሻ ጉዳት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ለውጡን ለመከታተል ሁለት ልኬቶች ይበቃሉ፦ በየ4 ሳምንቱ በአንድ ዓይነት የፑሽ አፕ ደረጃ ያለ ዕረፍት የተሠራው ብዛት፣ እንዲሁም ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ባለው ርቀት አጋማሽ ላይ በሜትር የሚወሰድ የክንድ ዙሪያ።

6. ምግብና ጾም

በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን ያካተተ ትንተና፣ የፕሮቲን ጥቅም በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ላይ እንደሚቆም አመልክቷል። ለውጡን የሚያመጣው በዋናነት ልምምዱ ነው፤ ፕሮቲን ረዳት ነው። ባቄላ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተትና እንቁላል ከደጋው ማዕድ የማይርቁ ምንጮች ናቸው። በዐቢይ ጾም ጥራጥሬው ድርሻውን ይወስዳል። በረመዳን ደግሞ ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ ማድረግና ዙሮቹን ወደ 2 መቀነስ የተገኘውን ጉልበት ሳይጥሉ ወሩን ለማለፍ ይረዳል።

7. ማጠቃለያ

ውጤታማ የክንድ ልምምድ ፍለጋ በአብዛኛው የመሣሪያ ፍለጋ ሆኖ ይቀራል። ከላይ የቀረበው ማስረጃ የሚያሳየው ግን ጡንቻ ብረትንና ጀሪካንን እንደማይለይ፣ የሚለየው ጭነቱ መጨመሩን ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከዕቅዱ ሁሉ የማይቀረው ዕቃ ደብተር ነው፤ የዛሬው ሊትርና ድግግሞሽ ካልተጻፈ የነገው ጭማሪ ግምት ይሆናል። በደጋው ላለን የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችም ቀጣዩ ሥራ ግልጽ ነው፦ ይህን ዕቅድ በፈቃደኛ ተማሪዎች ላይ፣ ከማይሠራ አነጻጻሪ ቡድን ጋር፣ ለ12 ሳምንት ለክቶ መፈተን። ለዚያ የሚያስፈልገው ወጪ ከጥቂት ጀሪካኖችና ከአንድ የልብስ ሰፊ ሜትር አይበልጥም።